በአንድ ዓመት ሕዝቧ እጥፍ የሆነ ከተማ፦ የሴን ዶሚንግ ስደተኞችና ኒው ኦርሊየንስ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ሂዩስተን ነው። ባለፈው ዓመት ከቤተሰቤ ጋር ኒው ኦርሊየንስን ጎብኝተን ነበር። አስጎብኚያችን ‹እዚህ የምታዩት ሁሉ፣ ምግቡም ሙዚቃውም ቩዱውም፣ ከሄይቲ ሸሽተው የመጡ ክሪዮሎች ያመጡት ነው› አለን። እኔ የማውቀው ከተማዋ የፈረንሳይ እንደነበረች ብቻ ነው። እነዚህ ስደተኞች እነማን ናቸው? የተባለውስ እውነት ነው?»

ጥያቄው ስለደረሰኝ ደስ ብሎኛል። ብዙ ዓመት የሠራሁበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ይታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስጎብኚው የነገራችሁ ግማሹ እውነት ነው። ስደተኞቹ ኒው ኦርሊየንስን ከባዶ አልሠሯትም። አብዛኞቹ በ1809 ሲደርሱ ከተማዋ ከተቆረቆረች 90 ዓመት አልፏት ነበር። የራሷ ክሪዮሎች፣ የራሷ ወጥ፣ የራሷ አነጋገር ነበራት። የእነሱ ድርሻ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ በአሜሪካኖች ሊዋጥ በተቃረበበት ሰዓት ደርሰው ዕድሜ ጨመሩለት። ደግሞም አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። በአንድ መርከብ ላይ ባሪያ አሳዳሪም፣ ባሪያ ተደርጎ የተያዘም፣ ነጻ የወጣ ጥቁርም ነበረ። «ስደተኞቹ አመጡት» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኞቹ የሚለው ነው።

«ክሪዮል» የሚለውን ቃል አስቀድመን እናጥራው። ዛሬ ብዙ ሰው ክልስ ማለት ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ግን ትርጉሙ ሰፊ ነበር። ወላጆቹ ከባሕር ማዶ መጥተው እሱ ግን እዚያው ቅኝ ግዛቱ ውስጥ የተወለደ ሰው ክሪዮል ይባላል። ነጭም ጥቁርም ክልስም ሊሆን ይችላል። ከአፍሪካ ተግዞ የመጣው ክሪዮል አይደለም፤ እዚያ የወለደው ልጁ ግን ነው። ከፈረንሳይ በመርከብ የመጣውና ልጁም እንደዚያው።

ሴን ዶሚንግ የዛሬዋ ሄይቲ ናት። ፈረንሳይ ከነበሯት ቅኝ ግዛቶች ሁሉ ሀብታሟ እሷ ነበረች። በአብዮቱ ዋዜማ የዓለም ቡና ግማሽ ያህሉ ከዚያ ይወጣ ነበር። አውሮፓ የምትበላው ስኳርም እጅግ ብዙው የዚያ ነው። ይህን ሁሉ የሚያመርቱት በባርነት የተያዙ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። ነጮቹ 40,000 እንኳ አይሞሉም። ከ30,000 ያነሱ ነጻ ጥቁሮችና ክልሶችም ነበሩ። ከእነሱም መካከል መሬትና ባሪያ ያላቸው ጥቂት አልነበሩም።

በነሐሴ 1791 በሰሜኑ ሜዳ ባሮቹ ተነሡ። የአገዳ እርሻው ነደደ። በሰኔ 1793 ዋናው የወደብ ከተማ ካፕ ፍራንሴ ተቃጠለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከወደቡ በቀጥታ መርከብ ላይ ወጥተው ወደ ኖርፎክ፣ ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያና ቻርለስተን ሸሹ። በየካቲት 1794 የፈረንሳይ ምክር ቤት በቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ ባርነትን ሰረዘ። ይህን ቀን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ናፖሊዮን ባርነትን ሊመልስ ጦር ላከ። ጦሩ በ1803 መጨረሻ ተሸነፈ። ጥር 1 ቀን 1804 ሄይቲ ነጻነቷን አወጀች።

በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ ሸሽተው የገቡት ሉዊዚያና ሳይሆን ኩባ ነው። ምሥራቅ ኩባ ቅርብ ነው፤ በመርከብ ብዙም አይፈጅም። በሳንቲያጎና በባራኮዋ ዙሪያ ሰፈሩ። ተራራውን መንጥረው ቡና ተከሉ። ሱቅ ከፈቱ፣ ልጆች ወለዱ፣ ኑሮ ያዙ። ከዚያ ናፖሊዮን በ1808 ስፔንን ወረረ። ኩባ የስፔን ናት፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሁሉ በአንድ ሌሊት የጠላት ወገን ሆነ። በሚያዝያ 1809 ውጡ ተባሉ። ሁለተኛ ስደት መጣ ማለት ነው።

ወዴት ይሂዱ? ፈረንሳይኛ የሚነገርባትና ቅርብ የሆነችው ከተማ ኒው ኦርሊየንስ ነበረች። ከግንቦት 1809 እስከ ጥር 1810 መርከቦቹ እየተከታተሉ ገቡ። የከተማዋ ከንቲባ ጄምስ ማዘር እያንዳንዱን መርከብ ያስቆጥሩ ስለነበር ቁጥሩ ዛሬም በእጃችን አለ። ጠቅላላው 9,059 ሰው ነው። 2,731 ነጮች፣ 3,102 ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች፣ 3,226 ባሮች ተብለው የተመዘገቡ። እንግዲህ ሦስቱም ወገን ተቀራራቢ ነው። በ1805 የከተማዋ ሕዝብ 8,475 ነበር። በ1810 ቆጠራ 17,242 ሆነ። አንድ ከተማ እንግዳ ተቀብሎ እጥፍ ሲሆን አስቡት። ከእያንዳንዱ ሁለት ሰው አንዱ አዲስ መጤ ማለት ነው።

ከተማዋ ያኔ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረች ካላወቅን የዚህ ቁጥር ክብደት አይገባንም። አሜሪካ ሉዊዚያናን ከናፖሊዮን የገዛችው በ1803 ነው። አገረ ገዢ ሆነው የተሾሙት ዊሊያም ክሌይቦርን ፈረንሳይኛ አይችሉም ነበር። ከላይ ከሰሜን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነጋዴ፣ ጠበቃ፣ መሬት ፈላጊ እየጎረፈ ነው። የዋሽንግተን ሰዎች ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ጥቂት ዓመት ብንታገሥ ይህ ሕዝብ አሜሪካዊ ይሆናል። በዚህ መሐል ነው 9,000 ፈረንሳይኛና ክሪዮልኛ (በቅኝ ግዛቶቹ ከፈረንሳይኛ የበቀለው ቋንቋ) ተናጋሪ የገባው። ሚዛኑ ዞረ። የከተማዋ ፍርድ ቤት፣ ቲያትር፣ ጋዜጣና ትምህርት ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት በፈረንሳይኛ መቀጠል የቻሉት በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። አስጎብኚው አንድ ነገር ብቻ ቢናገር ይህን ቢናገር ይሻል ነበር።

እርግጥ ከ1809 በፊትም ጠብ ጠብ እያሉ የመጡ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሉዊ ዱክሎ ነው። በ1794 የሉዊዚያናን የመጀመሪያ ጋዜጣ «ሞኒተር ደ ላ ሉዊዚያን»ን ያተመው እሱ ነው። ሌላው አንትዋን ሞራን የተባለ ስኳር አንጣሪ ነው። በሉዊዚያና አገዳ ይበቅል ነበር፤ ግን ክረምቱ ስለሚቀዘቅዝ አገዳው በደንብ ሳይበስል ይታጨዳል። ጭማቂው ፍሬ ስኳር አይሆንም ነበር። በ1795 ኤትየን ደ ቦሬ የተባለ የአካባቢው ባለእርሻ በሴን ዶሚንግ ሙያ የለመደውን ሞራንን ቀጠረ። ሞራን ጭማቂው ከምድጃ የሚወርድበትን ትክክለኛ ቅጽበት ያውቅ ነበር። ስኳሩ ረጋ። እርሻው ዛሬ ኦዱቦን ፓርክ የሚባለው ቦታ ላይ ነበር። ፓርኩ የተሰየመለት የወፎች ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን ራሱ የሴን ዶሚንግ ተወላጅ ነው፤ ሌ ካይ በምትባል የወደብ ከተማ በ1785 ተወለደ። ልጆችዎን ይዘው እዚያ ፓርክ ሄደው ከነበረ ሳያውቁት ሁለት ጊዜ ሄይቲን ረግጠዋል።

ግን ስኳሩን እንደ ጣፋጭ ወሬ ማለፍ አልችልም። ስኳር ሲሳካ ባርነት ሰፋ። በሚሲሲፒ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ሁሉ አገዳ ሆነ። አገዳ ደግሞ ሰው ይበላል። በአጨዳ ወራት ሌት ተቀን ይሠራል፤ ምድጃው አይጠፋም፤ እጅ በወፍጮው ይያዛል። በሴን ዶሚንግ ሕዝቡን ለአመፅ ያነሣሣው ያ ሥርዓት ዕውቀቱን ተሸክሞ ወደ ሉዊዚያና ተሻገረ። በጥር 1811 ከከተማዋ በላይ ባለው የወንዙ ዳርቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሮች ተነሥተው ወደ ኒው ኦርሊየንስ ገሠገሡ። በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የባሮች አመፅ ይህ ነው። በጭካኔ ተደመሰሰ፤ የተገደሉት ጭንቅላት በወንዙ ዳር በእንጨት ላይ ተሰቀለ። መሪው ቻርልስ ዴሎንድ ለረጅም ጊዜ «ከሴን ዶሚንግ የመጣ» ሲባል ኖሯል። የኋላ ጥናቶች ግን እዚያው ሉዊዚያና መወለዱን ያመለክታሉ። አሳዳሪዎቹ አመፅ ከውጭ የገባ በሽታ ነው ብለው ማመን ይቀልላቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ሕጉ ላይ ልቆይ። ቱሪስት የማያየው እሱ ነውና። ሉዊ ሞሮ ሊስሌ በ1766 ካፕ ፍራንሴ የተወለደ ክሪዮል ጠበቃ ነው። ፓሪስ ተምሯል። ሸሽቶ ኒው ኦርሊየንስ ሲደርስ ከተማዋ በሕግ ጉዳይ ግራ ተጋብታ ነበር። የፈረንሳይ ሕግ ነው የሚሠራው? ለዓመታት ገዝታት የነበረችው የስፔን ነው? ወይስ አዲሶቹ ጌቶች የሚፈልጉት የእንግሊዝ ዓይነት፣ ዳኛ ቀድሞ በወሰነው ላይ የሚቆመው ሕግ? የግዛቲቱ ምክር ቤት ሞሮ ሊስሌንና ጄምስ ብራውንን መረጠ። በ1808 የፍትሐ ብሔር መድበሉ ወጣ። በፈረንሳይኛ ተጽፎ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ታተመ። ቅርጹ የናፖሊዮንን ሕግ ይመስላል፤ ከውስጡ ብዙው የስፔን ሕግ ነው። በ1825 እንደገና ተሻሽሎ ሲወጣም ሞሮ ሊስሌ ከሦስቱ አዘጋጆች አንዱ ነበር። ከሦስቱ ሌላው ኤድዋርድ ሊቪንግስተን የኒው ዮርክ ሰው ቢሆንም ሚስቱ ሉዊዝ ዳቬዛክ የሴን ዶሚንግ ስደተኛ ነበረች።

ዛሬም በውርስ፣ በንብረትና በውል ጉዳይ ሉዊዚያና ከሌሎቹ 49 ግዛቶች የተለየች ናት። የምትሠራው በተጻፈ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያን የ1960 (በእኛ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም.) ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሁለቱ ሕጎች ከአንድ ቤተሰብ ይመዘዛሉ። አንድ ሐበሻ ጠበቃ ሉዊዚያና ገብቶ ሕጉን ቢያነብ ከቴክሳሱ ይልቅ የሚቀርበው ይህኛው ነው።

ቲያትሩም እንዲሁ ነው። በኒው ኦርሊየንስ ኦፔራ መታየት የጀመረው በ1796 ነው፤ ያኔ ዋናው የስደተኞች መርከብ ገና አልመጣም። ትልቅ ነገር ያደረገው ግን ጆን ዴቪስ ነው። ፓሪስ ተወልዶ ሴን ዶሚንግ የኖረ፣ በኩባ በኩል የተሰደደ ሰው ነው። በ1819 ኦርሊያን ቲያትርን ከፈተ። ከ1827 ጀምሮ ጓዱን እየያዘ ወደ ኒው ዮርክ፣ ፊላደልፊያና ቦስተን እየሄደ በፈረንሳይኛ ኦፔራ ያሳይ ነበር።

አሁን ወደ ነጻዎቹ ጥቁሮችና ክልሶች ልምጣ። ለእኔ የታሪኩ እምብርት እነሱ ናቸው። በ1805 በከተማዋ 1,566 ነበሩ። በ1810 ደግሞ 4,950። ሦስት እጥፍ! አገረ ገዢ ክሌይቦርን ይህን አልፈለጉም። ነጻ ጥቁር ወንዶች ወደ ግዛቲቱ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግም ነበረ። ሰዎቹ ግን ከመርከቡ ወርደዋል። ማን መልሶ ያሳፍራቸዋል? ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ቀድመው ገብተዋል፤ ከተማዋም አናጢ፣ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊና ጫማ ሠሪ ትፈልግ ነበር። ቀሩ።

በፈረንሳዩ ሰፈርና ከእሱ ቀጥሎ ባሉት በማሪኒና በትሬሜ ስትዞሩ ያያችኋቸው ዝቅ ያሉ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የተገጠሙ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹን የገነቡት፣ ብዙ ጊዜም የራሳቸው ንብረት አድርገው የያዙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ጠባብና ረጅም የሆነው፣ ክፍል ከክፍል ኋላ የሚደረደርበት «ሾትገን» የሚሉት ቤትም አለ። ተመራማሪው ጆን ማይክል ቭላች የዚህን ቤት ዘር በሄይቲ በኩል እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ተከትሎታል። ሁሉም አልተስማማበትም፤ እኔ ግን አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የፖርቶ ፕሬንስ አሮጌ ቤቶችንና የትሬሜን ቤቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው መመሳሰሉን መካድ ይቸግረዋል።

ከመካከላቸው ወታደሮችም ነበሩ። ጆሴፍ ሳቫሪ በሴን ዶሚንግ የተዋጋ መኮንን ነው። እንግሊዞች በ1814 መጨረሻ ኒው ኦርሊየንስን ሊይዙ ሲመጡ ከስደተኞቹ መካከል ሁለተኛውን የነጻ ጥቁሮች ሻለቃ ያሰባሰበው እሱ ነው። ጥር 8 ቀን 1815 በታወቀው ጦርነት ተሰለፉ። ሳቫሪ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሻለቃነት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር እንደሆነ ይጠቀሳል። ከድሉ በኋላ ግን ነጩ ማኅበረሰብ የታጠቀ ጥቁር በከተማው ሲዞር ማየት አልወደደም። ውለታው ቶሎ ተረሳ።

ልጆቻቸው ደግሞ ብዕር ያዙ። ቪክቶር ሴዡር በ1817 ኒው ኦርሊየንስ ተወለደ። አባቱ ከሴን ማርክ፣ ከሴን ዶሚንግ የመጣ ነጻ ክልስ ነው። ወጣቱ ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1837፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው፣ በፈረንሳይኛ አጭር ልቦለድ አሳተመ። ታሪኩ የተቀመጠው ሴን ዶሚንግ ውስጥ ነው። ባሪያ ሆኖ የተወለደ ልጅና አባቱ የሆነው አሳዳሪ የሚተያዩበት ጨለማ ታሪክ ነው። እስካሁን ከሚታወቁት የጥቁር አሜሪካውያን አጫጭር ልቦለዶች የመጀመሪያው ይኸው ነው። እስቲ አስቡት። እሱ ሴን ዶሚንግን አይቶ አያውቅም። በቤት ውስጥ ሲወራ የሰማውን ነው የጻፈው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን ቀን አሁን ላንሳው። በ1794 ባርነት በሕግ ተሰርዟል። ስለዚህ ከሴን ዶሚንግ የወጡት ጥቁሮች በሕግ ነጻ ሰዎች ነበሩ። ባሪያ ሆነው የተመዘገቡት 3,226 ሰዎች ታዲያ ከየት መጡ? አንዳንዶቹ ኩባ ውስጥ የተገዙ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ነጻ የነበሩ፣ ኩባ ሲደርሱ ባርነት በሚሠራበት ምድር ላይ እንደገና ንብረት የተደረጉ ሰዎች ናቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። አሜሪካ ከጥር 1808 ጀምሮ ከውጭ ባሪያ ማስገባትን ከልክላ ነበር። መርከቦቹ ወደብ ላይ ቆሙ፤ ነጮቹ «የቀረን ንብረት እነዚህ ብቻ ናቸው» ብለው አለቀሱ። ኮንግረሱ በሰኔ 1809 መጨረሻ ለእነሱ ብቻ የተለየ ፈቃድ ሰጠ። አንድ ፊርማ ነው። በዚያ ፊርማ የ3,000 ሰው ዕጣ ተቆረጠ።

ሁሉም ዝም ብለው አልተቀበሉም። አዴላይድ ሜታዬ በሴን ዶሚንግ ሳለች በገንዘቧ ነጻ የወጣች ሴት ነበረች። ወረቀትም ነበራት። በባራኮዋ በኩል ኒው ኦርሊየንስ ገባች። በ1810 አንድ ሰው የቀድሞ አሳዳሪዋ ዕዳ አለበት ብሎ እሷን ሊይዛት ተነሣ። ፍርድ ቤት ገባች፤ ወጣች፤ እንደገና ገባች። በ1819 የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ ናት ብሎ ፈረደላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ወረቀት ይዛ ቆማለች። ሰነዱን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ዳኞቹ ሳይሆኑ የእሷ ትዕግሥት ነው።

የዚህ ዓይነት ሰው ለወረቀት ያለው ፍቅር በልጆቹም ይቀጥላል። በዚያ ከተማ ነጻ ጥቁሮች ጋብቻም፣ ሽያጭም፣ ኑዛዜም ኖታሪ ዘንድ፣ በእኛ አነጋገር ውልና ማስረጃ፣ ያስጽፉ ነበር። ማኅተም ያላረፈበት ነገር አያምኑም። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ።

ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ቩዱና ስለ ምግብ ደግሞ እዚህ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉንም ነገር ለሄይቲ የሚሰጠው በእነዚህ ነውና።

ጉምቦ የሚባለው ወጥ ከእነሱ በፊት ነበረ። በ1764 በኒው ኦርሊየንስ ሰነድ ላይ ስሙ ተጠቅሷል። የሉዊዚያና ክሪዮልኛም ከሄይቲው ጋር ወንድማማች ቢሆንም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው በእርሻዎቹ ላይ የተወለደ ነው። ስደተኞቹ ተናጋሪ ጨመሩለት እንጂ አልፈጠሩትም። ቀይ ባቄላና ሩዝ በኩል የሄይቲ እጅ አለበት የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በካሪቢያን ሁሉ የሚበላ ምግብ ስለሆነ ለአንድ ቦታ ብቻ መስጠቱ አይታየኝም። ፔሾ የተባለው መራራ የመጠጥ ማጣፈጫ ግን በትክክል የእነሱ ነው። አንትዋን ፔሾ ከሴን ዶሚንግ ቤተሰብ የወጣ የመድኃኒት ቀማሚ ነበር።

ኮንጎ አደባባይን አይታችሁ ይሆናል፤ በአርምስትሮንግ ፓርክ ውስጥ ያለው ሜዳ ነው። በ1817 የከተማው ምክር ቤት ባሮች እሑድ እሑድ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲሰበሰቡ ወሰነ። ቦታው ያ ሆነ። በ1819 መሐንዲሱ ቤንጃሚን ላትሮብ አልፎ ሲሄድ ከበሮውንና ክብ ሠርተው የሚጨፍሩትን አይቶ በማስታወሻው ጽፎታል። እዚያ የሴኔጋምቢያ ሰው አለ፤ የኮንጎ ሰው አለ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከኩባ የመጣ ሰውም አለ። ካሊንዳና ባምቡላ የሚባሉት ጭፈራዎች በሴን ዶሚንግም በሉዊዚያናም ይታወቁ ነበር። ይህ ሁሉ በየቤቱም ገባ። ፒያኖ ተጫዋቹ ሉዊ ሞሮ ጎትሻልክ በ1829 ተወለደ። የእናቱ ወገን የሴን ዶሚንግ ስደተኞች ናቸው። የአያቱን ወሬና የሞግዚቱን ዘፈን እየሰማ አደገ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የክሪዮል ዜማዎችን ወደ ፒያኖ አመጣቸው፤ አውሮፓ ተደነቀችበት።

ቩዱም እንዲሁ ሁለት ወንዝ የተገናኘበት ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ቀድሞም የአፍሪካውያን እምነትና መድኃኒት ነበረ። ከኩባ የመጡት አበረቱት፤ መልክም ጨመሩለት። ስሟን በየሱቁ ያያችሁት ማሪ ላቮ የኒው ኦርሊየንስ ተወላጅ ናት። በ1819 ያገባችው የመጀመሪያ ባሏ ዣክ ፓሪስ ግን ከሴን ዶሚንግ የመጣ ስደተኛ ነበር። አንዱ ወገን ከሌላው ጋር እንዲህ ነው የተቀላቀለው፤ በጋብቻ፣ በክርስትና እናትና አባት፣ በጉርብትና። ከሁለት ትውልድ በኋላ ማን የየት እንደነበረ መለየት አስቸገረ።

ስለ ኩባ ሁለት ቃል ብቻ። የተባረሩት ሁሉ አልወጡም፤ ከወጡትም የተመለሱ አሉ። በሳንቲያጎ ተራሮች ላይ የተከሏቸው የቡና እርሻዎች ፍርስራሽ ከ2000 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የባሮቻቸው ልጆች ያቆዩት «ቱምባ ፍራንሴሳ» የተባለ የከበሮ ጭፈራም በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጌቶቹ በሳሎን ሲጨፍሩት የነበረውን የፈረንሳይ ዳንስ ባሮቹ በአፍሪካ ከበሮ ወሰዱት። ጌቶቹ ሄዱ፤ ከበሮው ቀረ።

አንዲት ሴት ትቀረኛለች፤ ስለ እሷ ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሮዛሊ ትባላለች። በሰነድ ላይ «ከፑላር ብሔር» ተብላ ተጽፋለች፤ ከሴኔጋምቢያ የመጣች ፉላኒ ማለት ነው። በሴን ዶሚንግ ባሪያ ሆና ተሸጠች። በ1803 በዤሬሚ ከተማ የነጻነት ወረቀት ተጻፈላት። ከዚያ ወደ ሳንቲያጎ ሸሸች። ልጇ ኤሊዛቤት በ1809 ከክርስትና እናቷ ጋር ወደ ኒው ኦርሊየንስ ተሻገረች፤ እዚያም በ1822 ዣክ ቲንሻን የሚባል አናጢ አገባች። የእነሱ ልጅ ኤድዋር ቲንሻን ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1867 እና 1868 የሉዊዚያናን ሕገ መንግሥት በጻፈው ጉባኤ ላይ ተመራጭ ሆኖ ተቀመጠ። ያ ሕገ መንግሥት ለዜጎች ሁሉ፣ ዘር ሳይለይ፣ እኩል «የሲቪል፣ የፖለቲካና የሕዝባዊ መብቶች» ይላል። ሕዝባዊ መብት ማለት በባቡር፣ በሆቴል፣ በቲያትር ቤት ሰው ሆኖ መስተናገድ ነው። አያቱ በገበያ የተሸጠች ሰው ይህን ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀ።

ሕገ መንግሥቱ ብዙ አልቆየም። በ1890 የግዛቲቱ ምክር ቤት ነጭና ጥቁር በባቡር ለየብቻ ይሳፈሩ የሚል ሕግ አወጣ። የኒው ኦርሊየንስ ክሪዮሎች የዜጎች ኮሚቴ አቋቁመው ሕጉን ሊያስፈትሹ ተነሡ። ሰኔ 7 ቀን 1892 ሆሜር ፕሌሲ የተባለ ጫማ ሠሪ ትኬት ቆርጦ የነጮቹ ፉርጎ ውስጥ ተቀመጠ፤ ታሰረ። ወንድ አያቱ ዠርማን ፕሌሲ የቦርዶ ሰው ነው፤ ኒው ኦርሊየንስ የመጣው ከሴን ዶሚንግ ሸሽቶ ነው። ጉዳዩ በ1896 ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፕሌሲ ተረታ፤ ያ ፍርድ ለ58 ዓመት የመለያየትን ሕግ ተሸክሞ ኖረ። ፕሌሲ ምሕረት የተደረገለት በጥር 2022 ነው።

ከሂዩስተን ኒው ኦርሊየንስ ሩቅ አይደለም፤ ተመልሳችሁ እንደምትሄዱ እገምታለሁ። ያኔ ከፈረንሳዩ ሰፈር በሮያል መንገድ ወደ ታች፣ ወንዙን በቀኝ ይዛችሁ፣ የባቡር ሐዲዱ መንገዱን እስኪያቋርጠው ድረስ ሂዱ። ፕሌሲ የተያዘው እዚያ ነው። ጥግ ላይ ከ2009 ጀምሮ የቆመ ምልክት አለ፤ በሁለቱም በኩል አንብቡት።